ጥምዝ ግድግዳና ቅስት በር አሠራር

ጥምዝ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የጂፕሰም ቦርዱ ወይም ጡቡ ገና ሳይነሳ፣ ወለል ላይ መስመሩ ሲሰመር ነው። ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ የግማሽ ሴንቲ ሜትር መዛነፍን ልብ የሚል የለም። ጥምዝ ላይ ግን ብርሃን ከጎን ሲመታው ያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንደ እባጭ ወይም እንደ ስብራት ጎልቶ ይወጣል። ስቱኮ (ገጹን ማለስለሻ ቅብ) እየደረቡ ልደብቀው ማለትም ብዙ አያዋጣም፤ ስቱኮ የሥሩን ቅርጽ ተከትሎ ነው የሚሄደው።

ከሁሉም በፊት ግድግዳው ሸክም ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ተሸካሚ ከሆነ ክፍተት ማስፋትም ሆነ ሊንቴል (ከበር በላይ ሸክም የሚይዘውን አግዳሚ) ማንሳት የመዋቅር መሐንዲስ ሳያየው የሚደረግ ነገር አይደለም። እዚህ የምናየው ሸክም ስለሌለበት ክፍልፋይ ግድግዳና ከነበረ ሊንቴል ሥር ስለሚገባ ቅስት ነው። የኤሌክትሪክ መስመርና የውሃ ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍም አስቀድሞ ይታወቅ።

ራዲየሱን ማግኘትና ማስመር

ለማንኛውም ጥምዝ ሁለት ልክ ይበቃል፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቀጥታ ስፋት፣ እና መሐል ላይ ከዚያ ቀጥታ መስመር የሚርቅበት ጉብታ። ስፋቱን በራሱ አባዙት፣ ለጉብታው 8 እጥፍ አካፍሉት፣ ከዚያ የጉብታውን ግማሽ ደምሩበት። የሚገኘው ራዲየሱ፣ ማለትም ከክቡ መሐል ነጥብ እስከ ጥምዙ ያለው ርቀት ነው። ለምሳሌ ግድግዳው 240 ሴ.ሜ ስፋትና 40 ሴ.ሜ ጉብታ ቢኖረው፣ 57,600 ለ320 ሲካፈል 180፣ 20 ሲደመርበት 200 ሴ.ሜ ይሆናል። የጥምዙ ርዝመት በዚህ ልክ 257 ሴ.ሜ ያህል ነው።

ሲባጎ አስሮ ማስመር የተለመደ ቢሆንም ሲባጎ ይለጠጣል፤ እጅ በጠነከረና በላላ ቁጥር መስመሩ ይዋልላል። ይልቅ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ በሚስማር መሐል ነጥቡ ላይ ትከሉት፣ ልክ 200 ሴ.ሜ ላይ ደግሞ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ብሱበት። መሐል ነጥቡ ከሌላ ግድግዳ ጀርባ ከወደቀና መትከያ ቦታ ካጣችሁም ዘዴ አለ። በጥምዙ ሁለት ጫፎች ላይ ሚስማር ምቱ፣ ጉብታው ጫፍ ላይ ሦስተኛ ምልክት አድርጉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከጠቅላላው ስፋት የሚረዝሙ ሁለት እንጨቶች ምልክቱ ላይ እንዲገናኙና ጎናቸው ሁለቱን ሚስማሮች እንዲነካ አድርጋችሁ፣ መጋጠሚያቸውን በማይነቃነቅ ሁኔታ እሰሩት። እርሳሱን መጋጠሚያው ላይ ይዛችሁ እንጨቶቹን ከሚስማሮቹ ሳታላቅቁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስታንሸራትቷቸው ትክክለኛው ቅስት ይሰመራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ስሌት ይመጣል። 200 ሴ.ሜ የተባለው የተጠናቀቀው የውጭ ፊት ራዲየስ ነው። በውጭው ፊት ላይ ሁለት ድርብ ባለ 6 ሚ.ሜ ቦርድ የሚገባ ከሆነ ቦርዱ የሚታሰርበት የእንጨት አጽም ራዲየስ 198.8 ይሆናል። ቋሚው እንጨት 9 ሴ.ሜ ጥልቀት ካለው የእንጨቱ የውስጥ ራዲየስ 189.8፣ ቦርዱ ሲገባበት የተጠናቀቀው የውስጥ ፊት 188.6 ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች ወለሉ ላይ ጻፏቸው፤ በኋላ እያንዳንዱ ቁርጥ የሚወጣው ከእነሱ ነው።

አግዳሚዎቹና ቋሚዎቹ

የታችኛውና የላይኛው አግዳሚ የሚቆረጡት ከ18 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ሉህ) ነው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ድርብ ያስፈልጋል። ከአንድ ሉህ ሙሉው ጥምዝ ስለማይወጣ በቁርጥራጭ ይሠራል፤ የላይኛው ድርብ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ይራቅ። መጀመሪያ አንድ ቁራጭ በጥንቃቄ ቆርጣችሁ ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። የቀረውን ሁሉ በዚያው ሞዴል አስምራችሁ በጂግሶ ቁረጡ፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ ካወጣችሁ ስህተቱ እየተደመረ ይሄዳል።

የቋሚዎቹ ርቀት ከተለመደው መጥበብ አለበት። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ቀጥታ መስመር ከጥምዙ ምን ያህል እንደሚጎድል ለማወቅ ርቀቱን በራሱ አባዝታችሁ ለራዲየሱ 8 እጥፍ አካፍሉት። በ200 ሴ.ሜ ራዲየስ፣ ቋሚዎቹ በ40 ሴ.ሜ ከቆሙ ጉድለቱ 1 ሴ.ሜ፣ በ20 ሴ.ሜ ከቆሙ 2.5 ሚ.ሜ ነው። ቦርዱ ራሱ ስለሚታጠፍ ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ ባይታይም፣ በ40 ሴ.ሜ የቆመ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ፊቱ የተሰባበረ መስሎ ይወጣል። ለምሳሌያችን 257ን በ20 ስናካፍል 13 ክፍተት ያህል ይደርሳል፤ ስለዚህ 14 ቋሚ በየ19.8 ሴ.ሜ። ርቀቱ የሚለካው በውጭው ጠርዝ ላይ ነው።

የቋሚዎቹን ቦታ የታችኛውና የላይኛው አግዳሚ ተደራርበው ሳለ በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ እንደነገሩ የሚሰመር አይደለም፤ ከመሐል ነጥቡ የሚነሳውን አቅጣጫ ይይዛል። የታችኛው አግዳሚ ወለል ላይ ከታሰረ በኋላ ላይኛውን ለማሰር ቱንቢ ወይም ሌዘር ተጠቀሙ። ሁለቱን ጫፍ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ መሐሉንና በየሩብ ርዝመቱ ያሉትን ነጥቦችም አውርዱ። የላይኛው አግዳሚ 5 ሚ.ሜ ዞሮ ከታሰረ ቋሚዎቹ ሁሉ በትንሹ ያዘነብላሉ፣ ቦርዱም ሲታሰር ተጠማዞ በሰያፍ ይሸበሸባል። ቋሚዎቹ ከገቡ በኋላ ቀጭን ተለጣጭ እንጨት በአግድም ፊታቸው ላይ አስደግፋችሁ እዩ። ከእንጨቱ የሚርቅ ቋሚ ካለ ፊቱ ላይ ስስ ማሳበጫ ይግባበት፤ የሚገፋውን ደግሞ ላጉት።

በብረት ፕሮፋይል ለሚሠራ፣ ተለጣጭ ትራክ (የአግዳሚውን ቦታ የሚይዘው የብረት ቦይ) ከሌለ መደበኛው ትራክ አንዱ ጎኑና ወገቡ በየ5 ሴ.ሜ በቆርቆሮ መቀስ ተቆርጦ ይታጠፋል። ያልተቆረጠው ጎን ግን ቅርጹን ለብቻው አይይዝምና በየቁርጡ መካከል ወለሉ ላይ እሰሩት።

ቦርዱን ማጠፍ

የጂፕሰም ቦርድ በርዝመቱ ይታጠፋል፣ በወርዱ ግን ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ጥምዝ ላይ ቦርዱ በአግድም ይተኛል። የሚታጠፍበት ዝቅተኛ ራዲየስ በውፍረቱ ይወሰናል። 12.5 ሚ.ሜ በደረቁ እስከ 275 ሴ.ሜ፣ ረጥቦ እስከ 100 ሴ.ሜ፤ 9.5 ሚ.ሜ በደረቁ እስከ 200፣ ረጥቦ እስከ 50፤ 6 ሚ.ሜ አካባቢ የሆነው ደግሞ በደረቁ እስከ 100፣ ረጥቦ እስከ 30 ሴ.ሜ ድረስ ይሄዳል። አምራቹ የሚሰጠው ሠንጠረዥ ካለ እሱን ተከተሉ። በእኛ ምሳሌ ባለ 6 ሚሊው ውሃ ሳይነካው ይታጠፋል፤ ባለ 12.5 ሚሊው ግን መርጠብ ይኖርበታል። ለዚህ ነው ሁለት ቀጭን ድርብ ከአንድ ወፍራም የሚመረጠው።

መርጠብ ካለበት የሚረጥበው ሲታጠፍ የሚጨመቀው፣ ማለትም ወደ ጥምዙ መሐል የሚዞረው ፊት ነው። ወደ ውጭ በጎበጠው ግድግዳ ላይ ይህ የቦርዱ ጀርባ ሲሆን፣ በጎደጎደው በኩል የሚታየው ፊት ነው። በመርፌ ሮለር ወረቀቱን ከወጋጋችሁ በኋላ በቀለም ሮለር ውሃ አዳርሱት፤ እስኪመጥ ጠብቃችሁ ድገሙት። አንድ ሰዓት ያህል አስተኝቶ መተው ጥሩ ነው። ውሃው ወለል እስኪንጠባጠብ ከፈሰሰ ወረቀቱ ከጂፕሰሙ ይለቃል፤ ብሎን ሲገባበትም ጭንቅላቱ ወረቀቱን በስቶ ያልፋል። ለጠባብ ራዲየስ ቦርዱን በቀጥታ ቋሚው ላይ ከማሰር፣ ራዲየሱ ትንሽ የጠበበ ፎርም (ቅርጽ ማስያዣ) ላይ አስደግፎ ማድረቁ ይሻላል፤ ሲለቀቅ በመጠኑ ወደ ኋላ ስለሚመለስ።

በጎበጠው ፊት ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እየገፋችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። በጎደጎደው ፊት ግን መጀመሪያ የቦርዱ መሐል ከመሐለኛው ቋሚ ጋር ይገናኝ፣ ከዚያ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይታሰር። ከዳር ከጀመራችሁ ቦርዱ መሐል ላይ ተነፍቶ ይቀራል፤ ብሎን አጥብቆ ለመሳብ መሞከር ደግሞ ይሰብረዋል። ብሎኑ በየ15 እስከ 20 ሴ.ሜ ይሁን። የመጀመሪያውን ድርብ በ25 ሚ.ሜ፣ ሁለተኛውን በ35 ሚ.ሜ ብሎን እሰሩ። የሁለተኛው ድርብ መጋጠሚያ ከመጀመሪያው ቢያንስ 40 ሴ.ሜ ይራቅ።

ጥምዙ አልቆ ቀጥታው ግድግዳ የሚጀምርበት ነጥብ ላይ የቦርድ መጋጠሚያ አታድርጉ። ቦርዱ 30 ወይም 40 ሴ.ሜ ወደ ቀጥታው ገብቶ ይለቅ። ጫፉ የተፈጥሮ ጉልበቱን ይዞ ቀጥ ለማለት ስለሚታገል፣ መጋጠሚያው እዚያው ነጥብ ላይ ካረፈ ስንጥቁ ብዙ አይቆይም።

ለዚህ ግድግዳ፣ ቁመቱ 270 ሴ.ሜ ቢሆን፣ ሁለት ድርብ በሁለቱም ፊት 27 ካሬ ሜትር ቦርድ ይጠይቃል። በቁርጥና በስብራት ለሚሄደው ሲጨመርበት 31 ካሬ ያህል መግዛት ነው።

ቅስት በር

ሁለት ዓይነት ቅስት በብዛት ይሠራል። ግማሽ ክብ የሆነው ከጎን ግድግዳው ጋር ያለ ማዕዘን ይቀላቀላል፣ ለዓይንም ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከፍታ ይበላል። 90 ሴ.ሜ ስፋት ያለው በር ጫፉ 210 ቢሆን፣ ግማሽ ክቡ ከ165 ሴ.ሜ ይነሳል፤ ከጎኑ 10 ሴ.ሜ ገባ ብሎ ቁመቱ 193 ብቻ ነው። ቁም ሣጥን ሲገባ የሚጫረው እዚያ ጋ ነው። ጣሪያው ዝቅ ካለ ጠፍጠፍ ያለውን ቅስት ምረጡ። ለዚያው በር ጉብታው 20 ሴ.ሜ ቢሆን፣ ራዲየሱ 60.6 ሴ.ሜ፣ መነሻው 190፣ መሐል ነጥቡ ከወለል 149.4 ሴ.ሜ ላይ ያርፋል።

በእንጨት ክፍልፋይ ውስጥ ሲሠራ፣ የተጠናቀቀው ስፋት 90 እንዲሆን በሁለቱም ጎን የሚገባው 12.5 ሚ.ሜ ቦርድ ታስቦ ባዶው ክፍተት 92.5 ሴ.ሜ ይሁን። ከላይ ያለው አግዳሚ ደግሞ 217 ሴ.ሜ አካባቢ። ከ12 ሚ.ሜ ኮምፔርሳቶ 92.5 በ27 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጡ፤ በላያቸው ላይ ቅስቱ የሚሰመረው በ60.6 ሳይሆን በ61.8 ሴ.ሜ ራዲየስ ነው፣ ሁለት ድርብ ባለ 6 ሚ.ሜ ቦርድ ከሥሩ ስለሚገባ። ከቅስቱ ጫፍ በላይ 5.8 ሴ.ሜ ኮምፔርሳቶ ይተርፋል። ከ5 ካነሰ ሲቆረጥም ሲታሰርም ይሰነጠቃል። ሁለቱን አጣብቃችሁ በአንድ ላይ ቁረጧቸው፤ ለየብቻ የተቆረጡ ቅስቶች አይመሳሰሉም፣ ልዩነታቸውም የሚታየው ከሥር ቀና ብሎ ሲታይ ነው።

የግድግዳው እንጨት 9 ሴ.ሜ ከሆነ በሁለቱ ቁራጮች መካከል 6.6 ሴ.ሜ የሆኑ ማራራቂያ እንጨቶች በየ15 ሴ.ሜ ቅስቱን ተከትለው ይታሰራሉ። ጠርዛቸው ከኮምፔርሳቶው ጠርዝ አይለፍ፤ ግማሽ ሚሊ ወደ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል። የፊቱ ቦርድ መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ ይታሰርና፣ ትርፉ በሞረድ እስከ ኮምፔርሳቶው ጠርዝ ይላጋል። ከሥር የሚገባው ቦርድ ወርዱ 11.5 ሴ.ሜ፣ ርዝመቱ ከ101 ሴ.ሜ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ይህ ራዲየስ ለባለ 6 ሚሊው በደረቁ አይሆንምና ይረጥባል። ሳይቀጠል አንዱን ጫፍ ከጎን ቦርዱ ጋር አገናኝታችሁ እየገፋችሁ ወደ ሌላው ውሰዱት። ቀጭን ቦርድ ከጠፋ ባለ 12.5 ሚሊው ጀርባው በየ2.5 ሴ.ሜ ተጭሮ ወረቀቱ ከተቆረጠ ይታጠፋል፤ ፊቱ ግን በመጠኑ ጎጥ ጎጥ ስለሚል ስቱኮው ይበዛል።

ለጠርዙ ተለጣጭ የፕላስቲክ የማዕዘን ፕሮፋይል ይኖራል። ከሌለ መደበኛውን አንድ ጎኑን በየ2 ሴ.ሜ ቆርጣችሁ ማጠፍ ትችላላችሁ፤ ያልተቆረጠው ጎን ፊቱ ላይ ይሁን ቢባል አይታጠፍም፣ ስለዚህ የሚቆረጠው በፊት በኩል ያለው ጎን ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በስቴፕል ወይም በሚስማር ይያዝ፤ አንዱ ቢነሳ ስቱኮውን ይገፋል። ጠፍጣፋው ቅስት ከጎኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ማዕዘን ስለሆነ ፕሮፋይሉ እዚያ ተቆርጦ እንደገና ይጀምራል።

ተከፋች በር የሚገባበት ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አናቱ ቅስት የሆነ ተከፋች ግድግዳው ውፍረት መሐል ላይ ከተገጠመ አይከፈትም፤ ሲዞር ከፍተኛው ክፍሉ ዝቅ ካለው የቅስት ጎን ጋር ይጋጫል። ወደሚከፈትበት ክፍል በኩል ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ሆኖ ይገጠም፤ ማጠፊያዎቹም ከቅስቱ መነሻ በታች ይሁኑ።

በጡብና በብሎኬት

ባለ 20 ሴ.ሜ ወፍራም ሙሉ ብሎኬት ለ200 ሴ.ሜ ራዲየስ አይሆንም። የውስጥ መጋጠሚያው 1 ሴ.ሜ ሲሆን የውጭው ከ5 ሴ.ሜ ያልፋል። 10 ሴ.ሜ ወፍራም ብሎኬት ግማሽ ለግማሽ ተቆርጦ ቢደረደር ግን የውጭው መጋጠሚያ 2 ሴ.ሜ አካባቢ ይሆናል፤ ይህ በልስን የሚሸፈን ነው። መሐል ነጥቡ ላይ ቀጥ ያለ ቧንቧ ትከሉ፣ በላዩ የሚሽከረከርና ወደ ላይ የሚወጣ እንጨት አድርጉበት፤ እያንዳንዱ ድርድር በእሱ ይለካ። ልስኑ ላይ ደግሞ ጥምዝ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ መሆኑን ተጠቀሙበት፤ ቀጥ ያለውን ማስተካከያ በቁም ብቻ ጎትቱ፣ በአግድም የሚጎተተው ከኮምፔርሳቶ በራዲየሱ የተቆረጠ ሞዴል ነው።

የጡብ ቅስት የሚታነጸው በፎርም ላይ ነው። ሁለት የኮምፔርሳቶ ቅስቶች በላያቸው በቀጫጭን እንጨት ተለብጠው፣ በድጋፍ ላይ ሆነው ከሥራቸው ሽብልቅ ይገባባቸዋል። ፎርሙ ከክፍተቱ በሁለቱም ጎን 5 ሚ.ሜ ይጥበብ፤ ሞልቶ የገባ ፎርም ሲወጣ ጡብ ይዞ ይወጣል።

ጡቡን ሳትገነቡ በፊት ቁጥሩን አስሉ። 45 ሴ.ሜ ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ የውስጥ ርዝመቱ 141 ሴ.ሜ ነው። ጡባችሁ 6.5 ሴ.ሜ ወፍራምና 10.25 ሴ.ሜ ጥልቅ ቢሆን 19 ጡብ ይገባል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ መሐል ላይ አንድ መዝጊያ ጡብ እንዲያርፍ ያደርጋል። መጋጠሚያው ከሥር 9 ሚ.ሜ ሲሆን ከላይ ግን 26 ሚ.ሜ ይደርሳል። ልስን የሚሸፍነው ከሆነ ሰፊውን መጋጠሚያ በጡብ ስባሪ እያሳበጣችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ጡቡ ፊት ለፊት የሚታይ ከሆነ 23 ጡብ ተጠቀሙና እያንዳንዱን ከሥሩ በኩል በሁለቱም ጎን 7 ሚ.ሜ ያህል በግራይንደር እያጠበባችሁ ቁረጡ፤ መጋጠሚያው ከታች እስከ ላይ 10 ሚ.ሜ ይሆናል።

ፎርሙ ላይ የእያንዳንዱን ጡብ ቦታ በእርሳስ ካሰመራችሁ በኋላ መሐል ነጥቡ ላይ ሚስማር መትታችሁ ሲባጎ እሰሩበት። ጡቡ ሲቀመጥ ሲባጎው በወገቡ መሐል ለመሐል ማለፍ አለበት። ከሁለቱም ጎን እኩል እየወጣችሁ ሥሩ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተሠራ ክብደቱ ፎርሙን ይገፋዋል። ሞርታሩ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ቢሆን ትንሽ መተጣጠፍ ይችላል። የመዝጊያው ጡብ ሁለቱም ጎኑ ሞርታር ተቀብቶ ይገባል፤ በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ግን ከጎኑ ያሉትን ያላቅቃል።

ከ7 ቀን በኋላ ሽብልቆቹን 2 ወይም 3 ሚ.ሜ አላሉና አንድ ቀን ተዉት። ቅስቱ በራሱ ቆሞ ጸጥ ካለ ፎርሙ ይወጣል። ቅስት ወደ ጎን ይገፋል፤ ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል። በሩ ከግድግዳው ጫፍ አጠገብ ከሆነ የሚይዘው ጎን ስለሌለው ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ሊንቴሉ ከላይ ሸክሙን ይያዝ፣ ቅስቱ ለጌጥ ይሁን።

ስቱኮና ዞኮሎ

በመጋጠሚያዎች ላይ የወረቀት ቴፕ ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ድርብ ስቱኮ ቶሎ የሚጠነክረው ዓይነት ይሁን፣ ቀጣዮቹ ሁለት ድርቦች ቀጭን። በጥምዙ ላይ ሰፊ ቀጥ ያለ መላሻ በአግድም መጎተት ጠፍጣፋ ገጽ ይፈጥራል፤ በቁም ጎትቱ። ብርጭቆ ወረቀቱን ጠንካራ እንጨት ላይ አትጠቅልሉት፣ ስፖንጅ ላይ ይሁን። ከቀለም በፊት ክፍሉን አጨልማችሁ መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግታችሁ አብሩ። እባጩም ጉድጓዱም ያን ጊዜ ይታያል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ጥምዝ ላይ ያን ሁሉ መልሶ ያሳያልና ደብዘዝ ያለውን ምረጡ።

ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ) ከሁለት ድርብ 6 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ በኮላ እየተጣበቀ በግድግዳው ላይ ሊታጠፍ ይችላል። የ15 ሚ.ሜ እንጨት ከሆነ ጀርባው በመጋዝ ይሰነጠቃል። በምሳሌያችን የጎበጠው ፊት ላይ ዞኮሎው የሚዞረው 74 ዲግሪ ያህል ስለሆነ የውስጡ ጎን ከውጭው 19 ሚ.ሜ ማጠር አለበት፤ መጋዙ 3 ሚ.ሜ ከቆረጠ ቢያንስ 7 ስንጥቅ ማለት ነው። በ7 ብቻ ከተሠራ ግን በየስንጥቁ ላይ ይሰበራል። በየ4 ሴ.ሜ ሰንጥቁት፣ ከፊት በኩል 3 ሚ.ሜ እንጨት ይቅር፤ ስንጥቆቹ ውስጥ ኮላ ጨምራችሁ ግድግዳው ላይ እሰሩት።